ከምድጃ እስከ ኮርኒስ፦ ለቤት ውስጥ ኃይል ቁጠባ የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ

የኢትዮጵያ መንግሥት ሰው በቤቱ ለሚጠቀምበት ኃይል ገንዘብ ሲያወጣ ቆይቷል። ባለ ክሩን አምፖል ይዞ ለመጣ ደንበኛ ኃይል ቆጣቢውን በነፃ ለውጦለታል። የባዮጋዝ ማብላያ ለሚያስገነባ ገበሬ የወጪውን ከፊል ሸፍኖለታል። የፀሐይ ብርሃን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ የኤሌክትሪክ ታሪፍንም ለረጅም ዓመታት ከእውነተኛ ወጪው በታች አድርጎ ይዟል። እነዚህ እርምጃዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነው ቢገኙም ባሕርያቸው አንድ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያቃጥለውን እንዲቀንስ ወይም እንዲለውጥ የሕዝብ ገንዘብ ከዋጋው ድርሻ ይወስዳል። ጥያቄው ይህ ገንዘብ የማንን ጓዳ አገኘ የሚለው ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚደርስ ሰው፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ ሊማሊሞ የሚዘልቅ፣ መልሱን ከየቤቱ ጣሪያ ከሚወጣው ጭስ ሊገምት ይችላል።

የዚህ መጣጥፍ ክርክር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በዚህ አካባቢ የቤት ውስጥ ኃይል ድጎማ ሊያርፍ የሚገባው እንጀራና ዳቦ በሚጋገርበት ምድጃ ላይና ሙቀት በሚያመልጥበት ጣሪያና ግድግዳ ላይ ነው። ሁለቱ ደግሞ አብረው ካልሄዱ ምድጃው ብቻውን ግቡን አይመታም። አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ገዢዋ ቅናሹን በግዢው ዕለት ማግኘት አለባት፤ መንግሥት ለአምራቹ የሚከፍለው የመጨረሻ ድርሻ ግን ምድጃው በቤቱ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ መሆን አለበት። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማገዶው ሒሳብ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ በላይ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል፤ ከእርሷ በታች የገብስ፣ የባቄላና የስንዴ ማሳ ተዘርግቷል። የአካባቢው ማገዶ ምንጩ ብዙ ነው፤ ከጓሮው የባሕር ዛፍ፣ ከማሳው ገለባ፣ ከበረቱ ኩበት፣ ከገደሉ ጭራሮ፣ ወደ ፓርኩ ለቀረቡት ደግሞ አስታ። አስታ በከፍታው ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ በአንድ ክረምት የተቆረጠውን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ላይተካው ይችላል። ባሕር ዛፉ በበኩሉ ለአጣናና ለቋሚ በገንዘብ ስለሚሸጥ የተክሉ ባለቤት ራሱ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን እያነደደ ግንዱን ለገበያ ያስቀምጣል።

በእኔ ግምገማ ከሁሉ የከበደው ኪሳራ ኩበት ላይ ነው። መሬቱ ለዘመናት የታረሰ ነው፤ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ሳስቷል። ወደ ማሳው ሊመለስ የሚገባው ፍግ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ገበሬው ከዚያ በኋላ ያንኑ ለምነት በማዳበሪያ ጆንያ ከገበያ ይገዛል። ቤተሰቡ በአንድ በኩል ነዳጅ ያገኘ ቢመስለውም በሌላ በኩል ምርቱን ያነድዳል። ይህን ወጪ የትኛውም የቤት በጀት አይመዘግበውም።

የፓርኩ ታሪክም ከዚህ ሒሳብ የሚነጠል አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ሰፈረ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ካሣና ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነበር። ስለ ፓርኩ ዋልያ ብዙ ተጽፏል። ስለ እነዚህ ቤተሰቦች ጓዳ ግን ጥቂት ነው የሚባለው። ማገዶን ከደጅ ይለቅም የነበረ ሰው ከተማ ሲገባ ማገዶ የገንዘብ ጉዳይ ይሆንበታል። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲቃረብ የመጡት ተፈናቃዮች፣ በዚያው ዓመት በዳባት ወረዳ በተከፈተው የአለምዋጭ መጠለያ የሰፈሩት የኤርትራ ስደተኞችም እንዲሁ ማብሰያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው። የማገዶ ፈላጊው ቁጥር ጨመረ፤ ዛፉ በቦታው ነው።

የስሜን ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። በ2009 የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመትና 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በላይኛው ተዳፋት ላይ ዛፍ ሲመነጠርና ፍግ ያጣ አፈር ሲላላ ጎርፉ ደለሉን ይዞ የሚያርፈው እዚያ ነው። ስለዚህ በደባርቅ ገጠር የምትጋግር እናት ማገዶ ብትቆጥብ የሚጠቀመው ቤቷ ብቻ አይሆንም። ፓርኩ፣ ግድቡ፣ የታችኛው ተፋሰስ ገበሬ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የሕዝብ ገንዘብ ለአንዲት ቤተሰብ ምድጃ ለምን ይውላል ብሎ ለሚጠይቅ የበጀት ሹም ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም፤ ጥቅሙ የብዙዎች ሆኖ ሳለ ወጪውን ለአንዲት ሴት ጀርባ መተው ፍትሕ የለውም።

«ምርጥ» ምን ያህል ይቆጥባል?

በኢትዮጵያ ቤት ከሚቃጠለው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ሰፊ የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ እሳቱ በየአቅጣጫው ይበተናል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራው ይህን ለመግታት ነው። ሲሚንቶ ከአሸዋ፣ ከቀይ አመድ ወይም ከፐሚስ ጋር ተቦክቶ በብረት ሞልድ ይወጣል፤ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋሉ፤ ከኋላ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ደግሞ ድስት ያሞቃል። ለከሰል «ላቀች»፣ ለወጥ «ትክክል» የተባሉት ምድጃዎችም በየተራ መጡ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት አምራቾችን እያሠለጠነ «ምርጥ»ን በየክልሉ አስፋፋ። መንግሥትም በ2011 ባወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን ማዳረስ ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት የሥራ መስኮች አንዱ አደረገው።

በቤተ ሙከራ የማገዶውን ግማሽ ይቆጥባል ሲባል የኖረው ምድጃ በእውነተኛ ጓዳ ምን ያህል ይቆጥባል? አበበ ዳምጤ፣ ዘነበ ገብረእግዚአብሔር፣ አለሙ መኮንንና የውጭ ባልደረቦቻቸው በ2015 ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የማውቀው ጠንካራው መልስ ነው። በገጠር ኢትዮጵያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ምድጃውን በዕጣ መድበው፣ ከምድጃው ላይ የሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ አስረው አጠቃቀሙን ተከታተሉ። ውጤቱ አንድ ምድጃ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት፣ ወይም 0.94 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚቆጥብ አሳየ፤ ቀድሞ ይገመት ከነበረው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ቢሆንም ትንሽ አይደለም። አንድ የሴት ሸክም 25 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ 634 ኪሎ ግራም ከገደል የማይወጣ 25 ሸክም ነው።

የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ለድጎማ ፖሊሲ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ምድጃውን ለአንዳንዱ በነፃ፣ ለአንዳንዱ በክፍያ፣ ለሌላው ከማበረታቻ ጋር ሰጥተው አወዳደሩ። ከገንዘብ ነክ አማራጮቹ መካከል አስተማማኝ ውጤት ያስገኘው በነፃ መስጠቱ ሆነ። ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዲገናኙ ማድረግም ቁጠባውን አሳደገ። በየስብሰባው «ሰው በነፃ ያገኘውን አያከብርም» እየተባለ የሚደገመው አባባል በዚህ መረጃ አልተደገፈም። በኬንያ ጄሲካ ኮሄንና ፓስካሊን ዱፓ ለነፍሰ ጡር እናቶች በተሰጠ የወባ አጎበር ላይ ሠርተው በ2010 ያሳተሙት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ በነፃ የወሰዱት ከገዙት ባላነሰ ተጠቅመውበታል። ዋጋ ሲጨመር የቀነሰው የወሳጁ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። «ምርጥ» ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል። በጭስ የምትቃጠል ዓይንና የምታስል ሕፃን ያሉበት ቤት በመጨረሻ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ወይም ሌላ ንጹሕ ነዳጅ ነው። ሆኖም የዛሬ አምስት ዓመት በሚመጣ የኤሌክትሪክ መስመር የዛሬ ሳምንት እንጀራ አይጋገርም።

ድጎማው እስካሁን ማንን አገኘ?

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። በ2018 መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው የታሪፍ ማሻሻያ እንኳ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ የቤት ደንበኛ የሚከፍለው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.273 ብር ሆኖ ቀረ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል የምትጋግር ሴት በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትጠቀማለች፤ በዚያ ታሪፍ 12 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እያደገ ነው። የድጎማው ቅርጽ ግን አልተለወጠም፤ ለመደጎም ቆጣሪ ያስፈልጋል። ደባርቅ ከተማ ቆጣሪ ያላት ሴት በየወሩ በታሪፉ ስትደጎም ከከተማው ወጣ ብላ በኩበት የምትጋግር እኅቷ ከመንግሥት በጀት የሚደርሳት የለም። ልዩነቱን ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ድጎማው በሽቦ ስለሚጓዝ ሽቦ በሌለበት ይቆማል።

የአምፖል ልውውጡም እንደዚሁ የቆጣሪ ባለቤቶች ጉዳይ ነበር። ከ2009 ገደማ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ባለ ክሩን ለመለሱ ደንበኞች በነፃ ተሰጡ። እንደ ፖሊሲ በጣም የተዋጣ ነበር፤ ደንበኛው ቀድሞ ገንዘብ አላወጣም፣ ቅጽ ሞልቶ ተመላሽ አልጠበቀም፣ አሮጌው አምፖል ደግሞ ከቤት ወጣ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለምድጃ ጉዳይ በኋላ ይጠቅመናል።

ከዚያው ዘመን የምወደው ሌላ ንድፍ አለ። በዓለም ባንክ በኩል የሚተዳደረው በውጤት ላይ የተመሠረተ የዕርዳታ ትብብር ለገጠር ኤሌክትሪክ ማስገቢያ 8 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ ለ228,571 ቤተሰቦች፣ ለእያንዳንዱ 35 ዶላር ተብሎ ተሰላ። ቤተሰቡ የማስገቢያውን ክፍያ በረጅም ጊዜ ከፋፍሎ ይከፍላል፤ ከመስመሩ ጋር ሁለት ኃይል ቆጣቢ አምፖል ይቀበላል። የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽኑ ግን ድጎማውን የሚያገኘው መስመሩ በትክክል መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ድሃው ቀድሞ ይጠቀማል፣ አቅራቢው ሠርቶ ያሳያል። ለስሜን ግርጌ የሚያስፈልገን የአከፋፈል ሐሳብ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ።

የባዮጋዙ ልምድ ደግሞ የሚያስተምረው በተቃራኒው ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሲጀመር በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያ ለመገንባት አቅዶ የተሳካለት ከ8,000 ጥቂት በላይ ነው። ድጎማው በጥሬ ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ ለአንድ ማብላያ 5,000 ብር ገደማ ነበር። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ብድርም ይገኝ ነበር። ሆኖም ለመደጎም ቢያንስ አራት ያህል ከብት፣ በቅርብ የሚገኝ ውሃና ቀሪውን ወጪ የሚችል ኪስ ያስፈልጋል። ድጎማው ቀድሞውንም ወደ ተሻለው ገበሬ አዘነበለ። በደባርቅ ከፍታ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ጋዙን የሚያመነጩት ባክቴሪያዎች በብርድ ይደክማሉ፣ ጋዙ ይመነምናል። ከሁሉ በላይ ጋዙ ወጥና ቡና ቢያፈላም ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ እኩል ማጋል ስለሚያዳግተው ትልቁ ማገዶ በሊታ ሳይነካ ቀረ። ባዮጋዝ ለወይና ደጋ ወተት አርቢ ጥሩ ነገር ነው። ለስሜን ግርጌ ዋነኛው የድጎማ መንገድ እንዲሆን ግን አልደግፍም።

ከውጭም ሁለት ልምዶችን ላንሳ። አሜሪካ በ2022 ባወጣችው ሕግ ለቤት ኃይል ቁጠባ ቅናሽ 8.8 ቢሊዮን ዶላር መድባለች፤ ከዚህ ጎን ለጎን በግብር ተመላሽ የሚገኝ ማበረታቻ ነበር። የግብር ተመላሽ የሚጠቅመው በቂ ግብር የሚከፍለውን ነው፤ የገጠር መሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ብቻ ለሚከፍል የዳባት ገበሬ ትርጉም የለውም። ሕንድ በ2016 በጀመረችው የኡጅዋላ ፕሮግራም በድሃ ሴቶች ስም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የጋዝ ሲሊንደር ማስገቢያዎችን አዳርሳለች። በሴቲቱ ስም መሆኑ ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ ሲሊንደሩን ለመሙላት ገንዘብ አጥተው ወደ እንጨቱ ተመለሱ። የሕንድ መንግሥት ማስገቢያውን ቆጠረ፤ አጠቃቀሙ ዘግይቶ ነው ጥያቄ የሆነው። እኛም በ2013 በተጀመረው ብሔራዊ የተሻሻሉ ምድጃዎች ፕሮግራም 9 ሚሊዮን ምድጃ የማዳረስ ግብ ስናስቀምጥ የተከተልነው ያንኑ አቆጣጠር ነበር። የወረዳ ሪፖርት «የተሠራጨ» ይላል። ከተሠራጨ በኋላ ስንቱ ነደደ፣ ስንቱ የዶሮ ማደሪያ ሆነ የሚለው ዓምድ ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

ብርዱና ጣሪያው

እስካሁን ያልኩት ለወሎም ለጎጃምም ይሠራል። ስሜንን የሚለየው ብርዱ ነው። ምድጃ በዚህ አገር ከመጋገሪያነት ሌላ ሁለት ሥራ አለው፤ ያሞቃል፣ ያበራል። ማታ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው እሳቱን ከብቦ ነው። «ምርጥ» የሚያስመሰግነው ሙቀቱን ለምጣዱ ብቻ መስጠቱ ነው፤ ይህ ምስጋና በደባርቅ ሌሊት ጉድለት ይሆናል። እናትየዋ ጋግራ ስትጨርስ ልጆቿን ለማሞቅ ከጎኑ ጉልቻውን እንደገና ታቀጣጥላለች። በምጣዱ የዳነው እንጨት በጉልቻው ይወጣል። የምድጃ መርሐ ግብሮች ይህን «የአጠቃቀም ችግር» ብለው ሥልጠና ያዙለታል። እኔ እንደማየው ሴቲቱ ትክክል ናት፤ የተሳሳተው ቤቱን ትቶ ምድጃውን ብቻ የቆጠረው መርሐ ግብር ነው።

ቤቱ ደግሞ ተለውጧል። የቀድሞው የሣር ክዳን ወፍራም ነበር፤ በሣሩ መካከል የታመቀው አየር ሙቀት ይይዛል፣ ጭሱም ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቃል። ከብቱ በዚያው ጣሪያ ሥር ሲያድር ትንፋሹ ቤቱን ያሞቃል። ዛሬ ቆርቆሮ ነው። ሰው ቆርቆሮን የመረጠው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ የክዳን ሣር ጠፍቷል፣ ቆርቆሮ በቶሎ አይቃጠልም፣ የዝናብ ውሃ ይሰበስባል፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አይታደስም። ነገር ግን ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጩ አየር በታች ይቀዘቅዛል። የቤቱ እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። እሳቱ ያመጣው ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ በዚያው ያልቃል።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ አካባቢው ራሱ ያውቀዋል። ኮርኒስ ነው። አቅም ያለው በችፑድ፣ የሌለው በአቡጀዴ ወይም ተተርትሮ በተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ጣሪያውን ከውስጥ ይዘጋል። በጨርቁና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር የቀድሞውን የሣር ክዳን ሥራ ከፊሉን ይሠራል፤ በላዩ ደረቅ ጭድ ቢነጠፍ ይበልጥ ይሠራል፣ ከምድጃው በላይ ያለው ክፍል ግን በእሳት ምክንያት ባዶ መተውና የጭስ መውጫ ማግኘት አለበት። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ከውስጥም ከውጭም ሲመረግ፣ የበሩ ሥር ሲደፈን ሌሊቱ ይቀላል። ይህ ሁሉ በሀብታም አገሮች የቤት ኃይል ማሻሻያ ተብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚደጎም ሥራ ነው። በእኛ የኢነርጂ በጀት ውስጥ ግን ጣሪያና ግድግዳ ሥፍራ የላቸውም፤ ቤት የቤቶች ልማት፣ ምድጃ የኢነርጂ፣ ጭስ የጤና ተብሎ ተከፋፍሏል። ብርዱ ይህን ክፍፍል አያውቅም።

ስለዚህ ለስሜን ግርጌ የምመክረው የድጎማ ጥቅል አንድ የእንጀራ ምድጃ፣ የኮርኒስ ጨርቅና ምስማር፣ የጭስ መውጫ ቆርቆሮ፣ የምርጊቱን የጉልበት ወጪ አጣምሮ የያዘ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚመርግ ደቦ የሚቀርበው ምግብና ጠላ እንኳ ለድሃ ቤት ወጪ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የመጨረሻው መሥመር ለምን እንደገባ ይረዳል።

ገንዘቡ እንዴት ይሂድ?

ተመላሽ ክፍያ፣ ማለትም ቀድመህ ግዛ፣ ደረሰኝ አምጣ፣ በኋላ ይመለስልሃል የሚለው አሠራር እዚህ አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ በቤቱ የሚታየው አዝመራ ተሰብስቦ ገብሱ ሲሸጥ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ እርሱም ለዕዳ፣ ለማዳበሪያ፣ ለልጆች ልብስ ቀድሞ ተበልቷል። ማገዶ የምትለቅመው ሴት በጉልበቷ የምታወጣው ወጪ በገንዘብ አይታሰብም፤ ስለዚህ ምድጃው የሚቆጥበው የእርሷን ጉልበት ሆኖ ሳለ የሚገዛው ከሌላ ሰው ኪስ ነው። ቅናሹ በግዢው ሰዓት፣ በሴቲቱ ስም በተሰጠ ኩፖን ወይም በስልኳ ቁጥር መድረስ ያለበት ለዚህ ነው።

መንገዱ እንግዳ አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች የታለመ ድጎማ በቴሌብር እንዲደርስ አድርጓል። የተመዘገበ ሚኒባስ በሊትር ቅናሽ የሚያገኝበት ሥርዓት መዘርጋት ከቻልን የተመዘገበች እናት ለምድጃ ቅናሽ የምታገኝበትን ማበጀት አያቅተንም። ስልክ የሌላት በወረቀት ኩፖን ትስተናገድ። በኩፖኑ ምድጃውን ከየትኛውም ብቁ የአካባቢ አምራች ትምረጥ። ዕርዳታ ሰጪ በጭነት መኪና አምጥቶ በነፃ ሲያድል የደባርቅና የዳባት ማኅበራት ሥራ ያቆማሉ፤ ኩፖን ግን በነፃ መድረስን ከአምራቹ ህልውና ጋር ያስታርቃል። ከባድና ተሰባሪ የሆነውን ምድጃ በበቅሎ ወደ ጃናሞራ ከማመላለስ ሞልዱን ወስዶ በቀበሌው ማምረትም ይሻላል። በ2022 እንዳየነው ሲሚንቶ ሲጠፋ የምድጃ አምራቹ ወረፋ መጨረሻ ላይ ነው፤ የክልሉ መንግሥት ለእነዚህ ማኅበራት ኮታ መያዝ ይኖርበታል።

አምራቹ ከዋጋው አብዛኛውን ሲያስረክብ ይቀበል፤ ቀሪውን ግን ከስድስት ወር በኋላ ምድጃው እየነደደ መሆኑ ሲረጋገጥ። ይህ አምራቹ ምጣዱን ለክቶ እንዲሠራ፣ የተሰነጠቀውን እንዲጠግን፣ አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ምክንያት ይሰጠዋል። የሚያረጋግጠው ማነው? ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይገባሉ፤ ለዚህ ተጨማሪ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ ይገባቸዋል። ዳባት ደግሞ ሌላ ወረዳ የሌለው ሀብት አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የምርምር ማዕከል ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ ሲመዘግብ ቆይቷል። ምድጃና ኮርኒስ በገባባቸውና ባልገባባቸው ቤቶች መካከል የሕፃናት የሳንባ ሕመም ልዩነት እንዳለ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም በቤት ውስጥ ሙቀት ልኬት ላይ ተማሪዎቹን ሊያሰማራ ይችላል።

ማጭበርበር አይኖርም አልልም። ዝምድና ኩፖኑን ሊያዞረው፣ አንድ ምድጃ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። መድኃኒቱ የተጠቃሚዎችን ስም በቀበሌው ሰሌዳ መለጠፍና ለምድጃዎቹ መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ጉልቻውን አፍርሰሽ አሳዪ የሚል ቅድመ ሁኔታ ግን መግባት የለበትም። የአምፖል ልውውጡ አሮጌውን ያስወጣው አዲሱ የአሮጌውን ሥራ በሙሉ ስለሠራ ነው። ኮርኒስ በሌለበት ቤት ምድጃው ያን አይሠራም፤ ቤቱ ሲሞቅ ጉልቻው ራሱ ይቀራል።

የገንዘቡ ምንጭ በሕግ ረገድ ተጠርጓል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 (ዓ.ም.) ለኃይል ቁጠባ ሥራ የሚውል ፈንድ መሠረት ጥሏል። ከካርቦን ሽያጭም ገቢ ይገኛል፤ ከላይ የጠቀስኩት የ2015 ጥናት በዚያን ጊዜው የካሊፎርኒያ የካርቦን ጨረታ ዋጋ አስልቶ አንድ ምድጃ በዓመት የሚያድነው ካርቦን 12.59 ዶላር እንደሚያወጣና በአንድ ዓመት ውስጥ የምድጃውን ወጪ ለመሸፈን እንደሚበቃ አሳይቷል። ወደ ስሜን ከሚገባው ጎብኚ ከሚሰበሰበው የፓርክ መግቢያ ክፍያም ትንሽ ድርሻ ለአጎራባች ቀበሌዎች ጣሪያ ቢውል አስታውን በጥበቃ ብቻ ከመከላከል ይረክሳል ብዬ አምናለሁ።

ለአማራ ክልል ውሃና ኢነርጂ ቢሮ የማቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው፤ በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች፣ ከግጭ የተዛወሩትን ቤተሰቦች ጨምሮ፣ ምድጃውንና ጣሪያውን ያጣመረውን ድጎማ በጥቂት ቀበሌዎች ይጀምር፣ ውጤቱንም በሚነድደው ምድጃ ይለካ። የጊዜው ጉዳይ ግን መዘንጋት የለበትም። ምርጊት የሚደርቀው በበጋ ነው፤ ጭድ የሚገኘው ከውድማ በኋላ ነው፤ ገበሬው ለደቦ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሐምሌ ላይ የጸደቀው በጀት እስከ ጥቅምት ወረዳው ካልደረሰ የዚያ ዓመት ሥራ ለቀጣዩ ይተላለፋል።